የክስ ወረቀት ሲደርስ ምን ይነበባል? ማስረጃውስ በየት በኩል ይፈተሻል?

ዳኛው ክሱ መድረሱንና መረዳቱን ሲጠይቁ አብዛኛው ተከሳሽ «አዎ፣ ደርሶኛል» ይላል። ወረቀቱ እጁ ገብቷል፤ ያነበበው ግን የአንቀጹን ቁጥርና ሰዎች የነገሩትን የቅጣት ጣሪያ ብቻ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ «አስቦ» የምትለዋ ቃል፣ ከታች የተዘረዘሩት ምስክሮች ሳይነበቡ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር በሙሉ የሚያጠነጥነው ግን በእነዚያው ባልተነበቡት ቃላት ላይ ነው።

ክስ ማስረጃ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ «ይህን ይህን አስረዳለሁ» ብሎ ለፍርድ ቤት የገባው ቃል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) ተከሳሽ በክሱ ሂደት እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ይደነግጋል። ስለዚህ መከላከል የሚጀምረው «አላደረግሁም» ከማለት ሳይሆን፣ ዐቃቤ ሕግ አስረዳለሁ ያለው ምን ምን እንደሆነ ቆጥሮ ከመያዝ ነው። ወንጀሉን ከሚያቋቁሙት ነገሮች አንዱ እንኳ ካልተረጋገጠ በተከሰሰበት ወንጀል ጥፋተኛ ሊባል አይገባም።

ወረቀቱን መበተን

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 111 የክስ ማመልከቻ ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል። ቀንና ፊርማ ይኖረዋል፤ የተከሳሹ ስም፣ የወንጀሉ ዓይነት ከነሕጋዊና ግዙፋዊ ፍሬ ነገሩ (ሕጉ የከለከለውና በተግባር የተደረገው)፣ ወንጀሉ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ፣ እንደ ነገሩም የተበዳዩ ማንነት ወይም የተነካው ንብረት፣ በመጨረሻም ተጣሰ የተባለው ሕግና አንቀጹ ይጻፋል። ቁጥር 112 ደግሞ አገላለጹ ተከሳሹን የማያሳስትና ለሕጉ ቃላት የቀረበ እንዲሆን ይጠይቃል።

ምሳሌ እንውሰድ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ተከሳሽ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት አስቦ፣ መጋቢት 4 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ30 ሲሆን፣ በቦሌ ክፍለ ከተማ በታክሲ መጠበቂያው አጠገብ፣ የዋጋ ግምቱ 18,000 ብር የሆነ የግል ተበዳይን የሞባይል ስልክ ከኪሱ ወስዶ በመሰወሩ፣ በፈጸመው የስርቆት ወንጀል ተከሷል።»

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በውስጡ ቢያንስ ሰባት ነገር ይዟል። ስልኩ የተበዳዩ መሆኑ፣ በተባለው ቀንና ሰዓት መወሰዱ፣ በተባለው ቦታ መወሰዱ፣ ዋጋው፣ ከባለቤቱ ይዞታ ያለ ፈቃዱ መውጣቱ፣ የወሰደው ሰው ይኸው ተከሳሽ መሆኑ፣ ሲወስድም የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት ማሰቡ። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በግራ በኩል እነዚህን ሰባቱን መጻፍ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ለእያንዳንዱ ከክሱ ጋር ከተያያዘው የማስረጃ ዝርዝር የትኛው ምስክር ወይም ሰነድ እንደሚያስረዳው መጻፍ ይጠቅማል። ቀኙ ባዶ የሚሆንበት መስመር መገኘቱ የተለመደ ነው። ስልኩ ከሦስት ቀን በኋላ ተከሳሹ እጅ ላይ ተገኝቶ ከሆነና ማስረጃው ያ ብቻ ከሆነ፣ የተረጋገጠው ስልኩን መያዙ ነው፤ ከኪስ ማውጣቱ አይደለም። በወንጀል የተገኘ ዕቃ መያዝ በወንጀል ሕጉ በቁጥር 682 ሥር የሚታይ ሌላ ወንጀል ሲሆን፣ የራሱ ፍሬ ነገሮች አሉት፤ ከነዚህም አንዱ ዕቃው የወንጀል ፍሬ መሆኑን ማወቅ ወይም ማወቅ መቻል ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ እንደሆነ ይናገራል። በተግባር በብዛት ተዘንግቶ የሚቀረው ሦስተኛው፣ ማለትም የሐሳብ ክፍሉ ነው። ምስክሮች ያዩትን ድርጊት ይናገራሉ፤ ሐሳብን ያየ ሰው ግን የለም። ሐሳብ ከሁኔታዎች የሚገመት ስለሆነ፣ ሁኔታዎቹ ሌላ ትርጉም መስጠት አለመስጠታቸው መጠየቅ አለበት።

ይህ ችግር ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በአታላይነት ክሶች ነው። ሰው ተበድሮ አልከፈለም፤ ቀብድ ተቀብሎ ዕቃውን አላደረሰም፤ አብረው የጀመሩት ንግድ ከሰረ። ተበዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያመለክታል፣ ነገሩም የወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 ሆኖ ይመጣል። ዕዳ አለመክፈል ብቻውን አታላይነት አይደለም። አታላይነት እንዲባል ተከሳሹ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ወይም በሚቀበልበት ጊዜ አሳሳች ነገር መናገሩ፣ ማንነቱን ወይም ሁኔታውን ለውጦ ማቅረቡ፣ ወይም መግለጽ የሚገባውን መደበቁ፣ ተበዳዩም በዚያ ተታሎ ገንዘቡን መስጠቱ መረጋገጥ አለበት። የጊዜው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፦ ውሸቱ ከክፍያው በኋላ ከመጣ («ነገ እከፍልሃለሁ»፣ «ባንክ ተዘግቶ ነው») ገንዘቡን ያስወጣው ያ ውሸት ሊሆን አይችልም። ክርክሩ የፍትሐ ብሔር ነው።

የአንቀጹ ምርጫም ተራ ነገር አይደለም። ቀላሉ ስርቆት (ቁጥር 665) ቢበዛ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከባድ ስርቆት (ቁጥር 669) እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ሰብሮ መግባት ወይም በቡድን መፈጸም የመሰለው ማክበጃም ራሱን ችሎ መረጋገጥ ያለበት ፍሬ ነገር ነው። የ15 ዓመቱ መስመር ደግሞ የዋስትናውን ክርክር ይለውጠዋል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ዋስትናን ሲፈቅድ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ መሆኑን፣ ተበዳዩም የመሞት አደጋ የሌለበት መሆኑን ያነሣል። ዋስትና የሚከለከልባቸው ሌሎቹ ምክንያቶች በቁጥር 67 ተቀምጠዋል፦ ግዴታውን አያከብርም የሚያሰኝ ሁኔታ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል የሚል ሥጋት፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል የሚል ሥጋት። መርማሪው «ማስረጃ ያጠፋብኛል» ሲል የትኛውን ማስረጃ፣ በምን መንገድ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምስክሮቹ ሁሉ ቃላቸውን ሰጥተው፣ ሰነዱም ተሰብስቦ ካለቀ ምክንያቱ ይደክማል። ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል (ቁጥር 75)።

መቃወሚያ፣ በጊዜው

ክሱ ከተነበበ በኋላ፣ የእምነት ክህደት ቃል (ተከሳሹ ማመኑን ወይም መካዱን የሚናገርበት) ከመጠየቁ በፊት፣ ዳኛው ተቃውሞ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ይህች አጭር ጊዜ ናት። ቁጥር 130 ከሚያነሣቸው ምክንያቶች መካከል ጉዳዩ በሌላ ፍርድ ቤት እየታየ መሆኑ፣ ከዚህ በፊት ተፈርዶበት ወይም ነጻ ተብሎበት መሆኑ፣ በይርጋ (የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ) ወይም በምሕረት የታገደ መሆኑ፣ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ መከሰሱ መከላከያውን የሚያሰናክል መሆኑ ይገኙበታል። ክሱ ግልጽ አይደለም የሚለው ተቃውሞም የሚነሣው እዚሁ ላይ ነው። «በተለያዩ ጊዜያት»፣ «ከሌሎች ግብረ አበሮቹ ጋር»፣ «በቁጥር 1 ከተጠቀሰው ተከሳሽ ጋር በመመሳጠር» የሚሉ ሐረጎች የእያንዳንዱን ተከሳሽ ድርሻ ሳይለዩ ሲቀመጡ፣ ሰውየው ምን አድርጓል ተብሎ እንደተከሰሰ አያውቅም ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(2) ክሱ በቂ በሆነ ዝርዝር እንዲነገርና በጽሑፍ እንዲሰጥ የሚያዘውም ለዚሁ ነው።

ጥቃቅን ስሕተት ግን ክስን አያፈርስም። ቁጥር 118 እንደሚለው ስሕተቱ ዋጋ የሚኖረው ተከሳሹን በእርግጥ ካሳሳተ ነው፤ ቁጥር 119ም ክሱ እንዲሻሻል ይፈቅዳል። የስም ፊደል መሳሳትን ይዞ ግማሽ ቀን መከራከር ጉልበት ማባከን ነው። የሰዓት ስሕተት ግን ሌላ ነው፤ ተከሳሹ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚያስረዳ ከሆነ ሰዓቱ የመከላከያው ምሰሶ ነው። ክሱ ከተሻሻለ በተሻሻለው ላይ ለመዘጋጀት ጊዜ መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእምነት ክህደት ቃል ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። «አዎ መትቼዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ እሱ በዱላ መቶኝ ነው» ማለት ማመን አይደለም። ቁጥር 134 የሚናገረው የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች ሁሉ ያለ ምንም ማመንታት ስለሚያምን ሰው ነው፤ «ግን» ያለበት ቃል እንደ ክህደት መመዝገብ አለበት። መዝገቡ ላይ ከ«ግን» በፊት ያለው ብቻ እንዳይሰፍር ዳኛው ለጸሐፊው ሲያስጽፉ በጥንቃቄ መስማት፣ ከጎደለም ወዲያው ማሳረም ያስፈልጋል። ዝም ያለ ሰው እንደካደ ይቆጠራል። ክሱ የሚነገርበትን ቋንቋ በሚገባ የማይረዳ ሰው አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ የማግኘት መብት አለው (አንቀጽ 20(7))፤ «በግምት ገብቶኛል» ብሎ ማለፍ በጣም አደገኛ ነው።

ከክሱ በፊት፦ ጣቢያ ውስጥ የተሰጠው ቃል

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ነው። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊገለጽለት ይገባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19)። ካልቀረበ ዘመድም ሆነ ጠበቃ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ሥርዓቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ ይገኛል። አቤቱታው በቃለ መሐላ የተደገፈ ስለሆነ ሰውየው በስንት ሰዓት፣ ከየት፣ በማን እንደተያዘ በዚያኑ ቀን በወረቀት ማስፈር ለቤተሰብ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ብሎ የጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ?» የሚለው ነው፤ የቀረው ሥራ ዝርዝር ካለፈው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ለዳኛው ማሳየት ያስፈልጋል።

ፍርድ ቤት አካባቢ «የ27 ቃል» እና «የ35 ቃል» ሲባል ይሰማል። የመጀመሪያው በዚሁ ሕግ ቁጥር 27 ተጠርጣሪ ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል ነው፤ ሁለተኛው በዳኛ ፊት የሚመዘገበው የእምነት ቃል ነው። በቁጥር 35 ዳኛው ቃሉን ከመመዝገባቸው በፊት በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ጠይቀው ማረጋገጥ አለባቸው። ተደብድቤ ነው፣ ልጄን እናስራለን ተብዬ ነው፣ «እመንና ትፈታለህ» ተብዬ ነው የሚል ሰው ይህን መናገር ያለበት እዚያው ነው። ማስፈራራት ብቻ ሳይሆን ማባበልና ተስፋ መስጠትም በቁጥር 31 የተከለከለ ነው። ጠባሳ ወይም እብጠት ካለ ለዳኛው ማሳየት፣ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ፣ የሕክምና ምርመራ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። እብጠት በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ከሦስት ወር በኋላ «ያኔ ተገድጄ ነው» ማለት መብት ቢሆንም ማስረጃው ግን አልቋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ደንግጓል።

«ንጹሕ ሰው ያላደረገውን እንዴት ያምናል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ዳኞችንም ያሳስታል። በአሜሪካ በዲኤንኤ ምርመራ ንጽሕናቸው የተረጋገጠላቸው የመጀመሪያዎቹ 250 ሰዎች መዝገብ ሲጠና 40ዎቹ በሐሰት አምነው ተገኝተዋል። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ደግሞ ከ40ዎቹ ሰዎች የ38ቱ ቃል ስለ ወንጀሉ ዝርዝር ነገር የያዘ መሆኑ ነው። ዝርዝሩን ከየት አመጡት? ከመርማሪዎቹ ጥያቄ፣ ከታዩ ፎቶግራፎች፣ ወደ ቦታው ተወስደው «ምራን» ከመባል። ስለዚህ «ቃሉ ከአድራጊው በቀር ማንም የማያውቀውን ይዟል» ሲባል ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ይህን ዝርዝር ፖሊስ ቃሉ ከመሰጠቱ በፊት ያውቀው ነበር ወይ? ቃሉስ ፖሊስ ያላወቀውን አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ የተደበቀ ዕቃ፣ አስገኝቷል ወይ? ሁለተኛው መልስ «የለም» ከሆነ ቃሉ ብቻውን የሚያስተማምን አይደለም።

«ዓይኔ አይቶታል»

የዓይን ምስክር ሳይዋሽ ይሳሳታል፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ዋሾ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ (ተቃራኒው ወገን በሚጠይቀው) ይደናገራል። በቅንነት የተሳሳተ ምስክር ግን አይደናገርም፣ የሚናገረውን ያምናልና። በእነዚያው 250 መዝገቦች ውስጥ 190 ያህሉ ላይ ምስክሮች የተሳሳተ ሰው ለይተው ነበር። የምስክሩ ልበ ሙሉነት የትክክለኛነቱ መለኪያ አይሆንም።

የማስታወስ ችሎታ እንደ ካሜራ ተቀርጾ የሚቀመጥ አይደለም፤ በተጠራ ቁጥር ይለወጣል። በ1974 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ለአንዳንዶቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ»፣ ለሌሎቹ «ሲላተሙ» በሚሉ የተለያየ ክብደት ባላቸው ቃላት ፍጥነታቸውን ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር ወይ ሲባሉ፣ ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ፣ ቀላሉን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። የአንድ ቃል ለውጥ ይህን ካደረገ፣ መርማሪ «ይሄ ነው አይደል?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ከላይ ወዳለው ምሳሌ እንመለስ። መጋቢት 4 ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ30 ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች። ስለዚህ ጥያቄዎቹ የሚቆጠሩ ናቸው፦ መብራቱ ከየት ነበር፤ ከሱቅ፣ ከመንገድ ምሰሶ ወይስ ከመኪና? ከምስክሩ ፊት ነው ወይስ ከሌባው ጀርባ? በስንት ሜትር ርቀት? ለስንት ሰከንድ? ፊቱን ነው ወይስ ሲሮጥ ጀርባውን? መሐል ላይ ሰው ወይም ታክሲ ነበር? ምስክሩ ተከሳሹን ከዚያ በፊት ያውቀዋል? በመጀመሪያው ቀን ለፖሊስ የሰጠው የመልክ መግለጫ ምን ይላል፤ ቁመት፣ የጸጉር አቆራረጥ፣ ልብስ? ዛሬ ችሎት ላይ ከሚናገረው ጋር ይገጥማል? ተከሳሹ በሳጥን ውስጥ ብቻውን ቆሞ «ይህ ነው» ብሎ መጠቆም አድራጊውን ከመለየት ማስረጃ የሚቆጠር አይደለም፤ ሌላ የሚጠቆም ሰው የለምና።

ጣቢያ ውስጥ ተጠርጣሪን ለይቶ የማውጣት ሥራ ተሠርቶ ከሆነ ደግሞ አሠራሩ ይመረመራል። የእንግሊዝ መመሪያ ተጠርጣሪው በመልክ፣ በዕድሜና በቁመት ከሚመስሉት ቢያንስ 8 ሌሎች ሰዎች ጋር እንዲቆም ያዛል። እኛ ዘንድ በሚቀርብ መዝገብ ላይም የሚጠየቀው ያው ነው፦ ስንት ሰው ቆመ? ይመሳሰሉ ነበር? እስረኛው ብቻውን ጫማ የሌለው ወይም ልብሱ የተቀደደ አልነበረም? ምስክሩ ከዚያ በፊት ፎቶውን በስልክ አልታየም? የለየው «ከመካከላቸው ላይኖር ይችላል» ተብሎ ከተነገረው በኋላ ነው? ሁለት ምስክሮች በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አላወሩም? ፎቶው አስቀድሞ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም ተሠራጭቶ ከሆነ፣ ምስክሩ የለየው ያየውን ሌባ ነው ወይስ ያየውን ፎቶ የሚለው መፈታት አለበት።

ስልክ፣ ምስልና ሰዓት

አሁን አሁን መዝገብ የሚሞላው በስልክ ማስረጃ ነው፤ ጥርት ያለ ስለሚመስልም ሳይፈተሽ ይታመናል። የመልእክት ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። የላኪውን ስም በመቀየር ብቻ ማንኛውም ሰው በደቂቃ ሊያዘጋጀው ይችላል። የሚጠየቀው ዋናው ስልክ የት እንዳለ፣ መልእክቱ ከመለያው ላይ በሙሉ ወጥቶ እንደሆነ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለው ንግግር የማይታየው ለምን እንደሆነ፣ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደተመዘገበና በዚያን ቀን በማን እጅ እንደነበረ ነው። ስልኩ ከተያዘ በኋላ ማን ከፈተው፣ በስንት ቀን ታሸገ፣ በኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዙ ዕቃዎች) መዝገብ ላይ መቼ ገባ የሚለው ክፍተት ካለው፣ በመካከሉ ምን እንደተጨመረ ወይም እንደጠፋ የሚያረጋግጥ የለም። የጥሪ ዝርዝር ደግሞ የሚያሳየው ስልኩ የትኛውን አንቴና እንደተጠቀመ ነው። ሰውየው እዚያ በር ላይ ቆሞ እንደነበር አያሳይም፤ አንድ አንቴና የብዙ መቶ ሜትር አካባቢን ይሸፍናል።

በእኛ አገር አንድ የተለየ ወጥመድ አለ፤ ሰዓትና ቀን። ክሱ በእኛ አቆጣጠር «ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ30» ይላል፤ የካሜራው ምስል 19፡30 ይላል፤ ከማኅበራዊ መገናኛ የወጣው ፋይል ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚመዘግብ 16፡30 ይላል። ሦስቱም አንድ ሰዓት ናቸው። ይህ ካልተስተካከለ ንጹሑ ሰው ቦታው ላይ ያለ፣ ጥፋተኛው የሌለ ሊመስል ይችላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ መጋቢት 4 በፈረንጆቹ ማርች 13 ነው። «መጋቢት 4 ለ5 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለ ድርጊት በስልኩ መዝገብ ላይ የሚገኘው ማርች 14 ላይ ነው። የካሜራው ሰዓትም ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ መቅረብ አለበት። የሱቅ ካሜራ መቅረጫ ማኅደሩ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀርጻል፤ አንዳንዱ ከሳምንት አይዘልቅም። ለተከሳሹ የሚጠቅም ምስል አለ ተብሎ ከታሰበ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባለሱቁን እንዲያስቀምጥ መጠየቅ፣ ጠበቃም ፍርድ ቤት እንዲያዝ ማመልከት አለበት።

የባለሙያ ማስረጃም የሚያስረዳው የተወሰነ ነገር ነው። የሐኪም ማስረጃ የአጥንት ስብራትን ያረጋግጣል፤ ማን እንደሰበረው አይናገርም፣ መቼ እንደተሰበረም የሚናገረው በግምት ነው። አሻራም ቢሆን ሰው አይቶ የሚወስንበት ንጽጽር ነው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ በኋላ ኤፍቢአይ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃን አሻራ ከተገኘው ጋር መቶ በመቶ ገጥሟል ብሎ ሰውየውን ለሁለት ሳምንት ያህል አሰረ፤ ፍርድ ቤት የሾመው ባለሙያ ሳይቀር በዚህ ተስማምቶ ነበር። የስፔን ፖሊስ የሌላ ሰው መሆኑን ሲያረጋግጥ ተለቀቀ። ባለሙያው ሪፖርት ብቻ ልኮ ከሆነ ቀርቦ እንዲጠየቅ ማመልከት፣ ስንት የመለያ ነጥብ እንዳገኘና ሌላ ባለሙያ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ደግሞ መርምሮት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ብርበራን በተመለከተ፣ ፍርድ ቤት በተለየ ካላዘዘ በቀር የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ዕቃው ሲገኝ የፈረሙ ደረጃ ምስክሮች (ብርበራውን እንዲያዩ የተጠሩ ታዛቢዎች) በእርግጥ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ ወይስ በር ላይ ቆመው ከተገኘ በኋላ ተጠሩ? ብዙ የብርበራ ማስረጃ የሚፈርሰው በዚህች አንዲት ጥያቄ ነው።

የስሚ ስሚና የማይታይ ምስክር

«ሲባል ሰምቻለሁ» የሚል ምስክር የሚጎዳው ዋናው ተናጋሪ በመስቀለኛ ጥያቄ ስለማይፈተን ነው። አንቀጽ 20(4) ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሕጎቻችን ከዚህ ያፈነገጡበት ጊዜ አለ፤ የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የስሚ ስሚን፣ ምንጩ ያልተገለጸ የመረጃ ሪፖርትንም ተቀባይ ያደርግ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ደግሞ የምስክር ማንነት እንዲሰወር ይፈቅዳል። ምስክርን ከአደጋ መጠበቅ ተገቢ ነው። ማንነቱ ለማይታወቅ ምስክር ግን ከተከሳሹ ጋር ጠብ ወይም የመሬት ክርክር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ስለዚህ የሚሰጠው ክብደት ማነስ አለበት፣ ጥበቃውም ለእያንዳንዱ ምስክር በምክንያት እንዲፈቀድ መከራከር ያስፈልጋል።

መስቀለኛ ጥያቄና ብይኑ

የመስቀለኛ ጥያቄ ዓላማ ምስክሩ ከተናገረው ውስጥ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም እውነት ያልሆነውን ለዳኛው ማሳየት ነው። ጥያቄው አጭር፣ አንድ ነገር ብቻ የያዘ፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሚሆን ይሁን። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ለምስክሩ ክፍተቱን የሚሞላበት ዕድል መስጠት ነው። ምስክሩ ዛሬ የሚናገረው ለፖሊስ ከሰጠው ቃል ከተለየ፣ በቁጥር 145 መሠረት ያ ቃል እንዲታይና ቅጂው ለተከሳሹ እንዲሰጥ ማመልከት ይቻላል። መጀመሪያ ዛሬ የተናገረውን ማስረገጥ፣ ቀጥሎ ለፖሊስ ቃል መስጠቱንና መፈረሙን ማሳመን፣ በመጨረሻ ልዩነቱን ማንበብ ነው ቅደም ተከተሉ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው (አንቀጽ 20(5))፤ ይህንም ምስክር መሰማት ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ያሻል።

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሲያልቅ ቁጥር 141 ይመጣል። ማስረጃው ባይስተባበል እንኳ ጥፋተኛ የማያሰኝ ከሆነ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ ነጻ ይለቀቃል። «ይከላከል» የሚል ብይን ከተሰጠ ጥፋተኛ ተባለ ማለት አይደለም፤ በዚያ ድንጋጤ መከላከያ ምስክርን በብዛት መደርደር ግን ይጎዳል። አምስት ዘመድ ስለ አንድ ምሽት ሲመሰክር አምስት ዓይነት ሰዓት ይናገራል፤ ከአምስቱ ይልቅ አንድ ዝምድና የሌለው የሥራ ባልደረባና የፈረመበት የሥራ ሰዓት መዝገብ ይበልጣሉ። የግራና ቀኙ ወረቀት እንደገና የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፦ መከላከያ የሚቀርበው ዐቃቤ ሕግ ባስረዳው መስመር ላይ ብቻ ነው።

ፍርዱ ከከፋ የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን፣ የይግባኝ ማመልከቻው የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል (ቁጥር 187)። ግልባጩ በዚያኑ ቀን በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን በመዝገብ ቤቱ ማኅተም ይረጋገጥ። የሚነሣውም ነጥብ ችሎት ላይ ተጠይቆ መዝገብ ላይ ከሰፈረው ይወጣል፦ በስንት ሜትር፣ በምን ብርሃን፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ሰዓት።